የቀድሞ የምክር ቤት አባል የሰጡት ድምፅና ያስመዘገቡት ሀብት፦ ምን ማወቅ፣ ምንስ መጻፍ ይቻላል?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን አዳማ ውስጥ ያገለገሉ መኪኖችን በመግዛትና በመሸጥ የሚተዳደሩ ሲሆን፣ አባል የሆኑበት የነጋዴዎች ማኅበር በቅርቡ የቦርድ ምርጫ ያካሂዳል። ከዕጩዎቹ አንዱ በአምስተኛው ዙር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የነበሩ ሰው ናቸው። እኚህ ዕጩ በየስብሰባው «የኤክሳይዙን አዋጅ ተቃውሜ ድምፅ ሰጥቻለሁ፤ ለእናንተ ብዬ ነው ከጓዶቼ የተቀያየምሁት» ይላሉ፤ አዋጁ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከአዲሶቹ ይልቅ ከፍ ያለ ግብር የጣለ ነው። ጠያቂያችን የሰሙት ግን ሰውየው አዋጁን ደግፈው እጅ እንዳወጡ፣ በዚያን ጊዜም አዲስ መኪና በሚገጣጥም ድርጅት ውስጥ በባለቤታቸው ስም ድርሻ እንደነበራቸው ነው። ይህን በሁለት ገጽ ጽፈው ለአባላት ለማደልና በማኅበሩ የቴሌግራም ቡድን ለመልቀቅ ሲዘጋጁ፣ የዕጩው የወንድም ልጅ «ፓርላማ ውስጥ በሰጠው ድምፅ ማንም አይጠይቀውም፤ ያለመከሰስ መብት አለው፤ ስሙን ብታነሣ በሐሰተኛ መረጃ እንከስሃለን» አላቸው። መረጃውን ከየት ማግኘት እንደሚችሉና ቢያሠራጩ የሚደርስባቸውን ማወቅ ይፈልጋሉ።

ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ጋር የላኩትን የደብተር ገጽ ፎቶ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። በማስመሪያ ሦስት ዓምድ አስምረው «ሕግ»፣ «የሰጡት ድምፅ»፣ «ምንጭ» ብለዋል። ከአምስቱ ሕጎች በሁለቱ ትይዩ «በቴሌቪዥን ሲናገሩ አይቻለሁ» የሚል ማስታወሻ አለ፤ በቀሩት ሦስቱ ትይዩ የተጻፈው ግን «ሰምቼ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። የኤክሳይዙ አዋጅ የሚገኘውም ከነዚህ ከሦስቱ መካከል ነው። ነገ ፍርድ ቤት ቢቀርቡ ዳኛው የሚያዩት ይህን ሦስተኛ ዓምድ ስለሆነ፣ መልሴም በአብዛኛው እሱን ስለ መሙላት ይሆናል።

አስቀድሞ የወንድም ልጁን ማስፈራሪያ እንመልከተው፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 5 የምክር ቤቱ አባል በምክር ቤቱ ስብሰባ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት ምክንያት እንደማይከሰስና አስተዳደራዊ እርምጃም እንደማይወሰድበት ይደነግጋል፤ ይህ ጥበቃ አባልነቱ ሲያበቃ አብሮ ያበቃል ማለት ትርጉም የለሽ ስለሚያደርገው፣ ዕጩው ያን ጊዜ ባወጡት እጅ ዛሬም አይከሰሱም። በንዑስ አንቀጽ 6 ያለው፣ ማለትም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ያለመያዝና ያለመከሰስ ጥበቃ፣ የተሰጠው ግን ለተቀመጠ አባል ነው፤ ወንበሩን የለቀቀ ሰው ይህን አይጠራም። ከሁሉም በላይ ሁለቱም ድንጋጌዎች ተወካዩን የሚጠብቁት ከመንግሥት ክስና ቅጣት እንጂ ከመራጩ ጥያቄ አይደለም። እንዲያውም አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ሆኖ እንዲከናወን ያዛል፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል ይናገራል። የማንሣቱ ጊዜ አልፏል፤ «እንዴት ድምፅ ሰጡ?» ብሎ የመጠየቁ ጊዜ ግን አያልፍም፣ ይልቁንም ሰውየው ራሳቸው ድምፃቸውን ለምርጫ ቅስቀሳ ካዋሉት በኋላ።

ወደ ማስረጃው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። አዳማ ላይ ጨፌ ኦሮሚያ በከተማችን ሲሰበሰብ ስላየን ይሁን አላውቅም፣ የጨፌ አባልንም የፌዴራሉን ተወካይም «የፓርላማ አባል» እያልን አንድ ላይ መጥራት ለምደናል። የጨፌ አባል የነበሩ ቢሆኑ ኖሮ ማመልከቻዎ በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ለጨፌው ጽሕፈት ቤት፣ የሀብት ምዝገባው ጥያቄም ለክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ይቀርብ ነበር። እርስዎ እንዳሉት የፌዴራሉ ምክር ቤት አባል ከነበሩ ግን መንገድዎ ወደ አራት ኪሎ ነው፤ ከዚህ በታች የምለውም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። በአንቀጽ 59 መሠረት ምክር ቤቱ በመደበኛነት የሚወስነው ተገኝተው ድምፅ በሚሰጡ አባላት አብላጫ ነው፣ የሚሰጠውም እጅ በማውጣት ነው፤ አፈ ጉባዔው ድጋፍን፣ ተቃውሞንና ድምፀ ተአቅቦን አስቆጥረው ቁጥሩን ይናገራሉ። ስለዚህ የሚነገረው ስንት እጅ እንደወጣ ነው፤ የማን እጅ እንደሆነ ከቁጥሩ አይገኝም። ቁጥሩ ራሱ ሊያከራክር እንደሚችል የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. አይተናል፦ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መጽደቅ ሲኖርበት፣ በመጀመሪያ 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞና 7 ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ተነገረ፣ ቁጥሩ ከተፈለገው በታች ነው የሚል ክርክር ሲነሣም ድጋፉ 395 ነው ተብሎ ታረመ። በዚያ ቀን ከወጡት 88 እጆች መካከል የአንድን ሰው እጅ ለይቶ ለመናገር ከቁጥሩ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። የእርስዎ ጉዳይም እንዲሁ ነው። አምስተኛው ምክር ቤት 547ቱም መቀመጫ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ የተያዘበት ስለነበር «ፓርቲው ደግፏል፣ ስለዚህ እሱም ደግፏል» ብሎ መደምደም ሊያጓጓ ይችላል፤ ነገር ግን የ2010ሩ ተቃውሞ የወጣው ከዚሁ ምክር ቤት ነውና መደምደሚያው አይቆምም።

ታዲያ ምን ማግኘት ይቻላል? አዋጁ በቀረበበት ዕለት የተያዘውን ቃለ ጉባዔ ማግኘት ይቻላል። ምክር ቤቱ ስብሰባውን በሃንሳርድ፣ ማለትም የተናጋሪዎቹን ቃል በሚይዝ መዝገብ፣ ይመዘግባል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረትም ስብሰባው በዝግ እንዲካሄድ ካልተወሰነ በቀር ለሕዝብ ግልጽ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 የጸደቀው በየካቲት 2012 ዓ.ም. ስለሆነ የሚጠይቁት የታወቀ ቀን ያለውን መዝገብ ነው። ዕጩው ተነሥተው ተናግረው ከሆነ ስማቸውና ቃላቸው በዚያ ይገኛል፤ ካልተናገሩም ዝምታቸው ራሱ መረጃ ነው፣ ምክንያቱም «ስለ እናንተ ተሟግቻለሁ» የሚል ሰው ሙግቱ መዝገብ ላይ ይፈለጋል። እንደ እኔ እምነት ለማኅበሩ አባላት ከእጁ ይልቅ ይህ ይጠቅማቸዋል። ረቂቁ በቋሚ ኮሚቴ ሲመረመር የነበረውን ሪፖርት፣ ከተቻለም የዕለቱን የምስል ቅጂ አብረው ይጠይቁ፤ ካሜራው በቆጠራው ሰዓት ወደ ወንበራቸው ዞሮ እንደሆነ ማን ያውቃል።

የጥያቄው ሕጋዊ መሠረት የመረጃ ነጻነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። ማመልከቻው ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይቀርባል፤ ለምን እንደፈለጉት የማስረዳት ግዴታ የለብዎትም፣ የሚፈልጉትን ሰነድ ግን በቀንና በአዋጅ ቁጥር ለይተው መጥቀስ አለብዎት። «የአቶ እገሌን የድምፅ ታሪክ ስጡኝ» ብለው ቢጽፉ እንዲህ ያለ ሰነድ የለም የሚል አጭር መልስ ይደርስዎታል፣ መልሱም ትክክል ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ መመለስ ይጠበቅበታል፤ ከከለከለ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል።

የሀብቱ ነገር ይበልጥ ስስ ነው። በሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት ተሿሚ፣ ተመራጭና በሕጉ የተመለከተ የመንግሥት ሠራተኛ የራሱንና የቤተሰቡን ሀብትና የገቢ ምንጭ ለፌዴራሉ የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ያስመዘግባል፣ በየሁለት ዓመቱም ያድሳል። የአዋጁ አንዱ ዓላማ የሕዝብ ኃላፊነትና የግል ጥቅም ሲጋጩ እንዲታይ ማድረግ ነው። መዝገቡ በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን ፈላጊው በጽሑፍ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ግን እርስዎን የሚነካ ነገር አለ፦ የቤተሰብ አባላትን ሀብት የሚመለከተው ክፍል በምስጢር ይያዛል። የጠረጠሩት ድርሻ በባለቤታቸው ስም ከሆነ፣ ዕጩው በትክክል አስመዝግበውት እንኳ ቢሆን ኮሚሽኑ ለእርስዎ አይገልጠውም። ስለዚህ ኮሚሽኑ ስለ ባለቤታቸው ምንም ሳይነግርዎ ሲቀር «አላስመዘገበም፣ ደብቋል» ብለው ከጻፉ ባላወቁት ነገር ሰውን ወንጅለዋል ማለት ነው።

ድርሻውን በሌላ በር መፈለግ ይቻላል። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ የአባላቱ ስምና መዋጮ በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ይሰፍራል፣ ጽሑፉም በንግድ መዝገብ ይገባል፤ ድርጅቱ የተመዘገበበትን ቢሮ የመዝገቡን ቅጂ ይጠይቁ። አክሲዮን ማኅበር ከሆነ ግን የባለአክሲዮኖች መዝገብ የሚያዘው በራሱ በማኅበሩ ስለሆነ ለውጭ ሰው ይከብዳል። ቅጂው እጅዎ ሲገባ ቀኑን ያስተውሉ። ባለቤታቸው ድርሻ የገዙት አዋጁ ከወጣ በኋላ ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው፤ ከአዋጁ በፊት ሸጠውት ከሆነም እንዲሁ። በደብዳቤዎ መጨረሻ «ባንክ የምትሠራ የእህቴ ልጅ የሂሳባቸውን ዝርዝር ልታወጣልኝ ፈቃደኛ ናት» ያሉትን ደግሞ እባክዎ ይርሱት። ልጅቷ የደንበኛን ምስጢር በማውጣት ሥራዋን ታጣለች፣ በወንጀልም ልትጠየቅ ትችላለች፤ እርስዎም በጉዳዩ ውስጥ ይገባሉ።

ድርሻው ቢረጋገጥስ? አንድ ተወካይ ቤተሰቡ ከሚጠቀምበት ሕግ ጋር በተያያዘ ድምፅ መስጠቱ ብቻውን ወንጀል አያደርገውም፣ የጸደቀውን አዋጅም አያፈርስም። በአባልነት ዘመናቸው ይሠራበት የነበረው የምክር ቤቱ የአሠራርና የአባላት ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 6/2008 ነው፤ ጥሰት አለ የሚሉ ከሆነ ድንጋጌውን አንብበው፣ የትኛው ግዴታ እንደተጣሰ መናገር መቻል አለብዎት። «ሙስና» የሚለውን ቃል ግን አይጠቀሙ። ሙስና በአዋጅ ቁጥር 881/2007 ፍሬ ነገሩ የተለየ ወንጀል ነው፣ በእጅዎ ያለው ሁሉ ተሟልቶ ቢገኝም እንኳ ወደዚያ አያደርስዎትም።

ወደ ተጠያቂነትዎ እንምጣ። ስም ማጥፋት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 2044 ጀምሮ፣ በወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 613 ተደንግጓል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለእርስዎ ሦስት መከላከያ ይሰጣል። የሕዝብን ጥቅም በሚነካ ጉዳይ ላይ የተሰጠ አስተያየት፣ ሐሰት መሆኑ በእርግጥ ሳይታወቅ እስከተሰጠ ድረስ፣ አያስጠይቅም፤ ይህ አንቀጽ 2046 ነው። የተነገረው ፍሬ ነገር እውነት መሆኑን ያስረዳ ሰው፣ ብቸኛ ዓላማው መጉዳት ካልሆነ በቀር፣ በአንቀጽ 2047 ይድናል። በአንቀጽ 2048 ደግሞ በምክር ቤት ክርክር የተነገረን ቃል በታማኝነት መልሶ የጻፈም እንዲሁ አይጠየቅም። ሦስተኛው ለእርስዎ ጉዳይ የተሠራ ይመስላል፦ ከሃንሳርዱ ላይ ቃል በቃል ከገለበጡ የሚያሰጋዎ ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በሁለተኛው ግን የማስረዳት ሸክሙ በእርስዎ ላይ መሆኑን አይዘንጉ፤ «ሰምቼ» ደግሞ ማስረጃ አይደለም። ከዓመታት በፊት የተከራከርሁለት አንድ ደንበኛዬ ባሠራጨው ወረቀት ላይ ቀኑም፣ የገንዘቡ መጠንም፣ የሰነዱ ቁጥርም ትክክል ነበር፤ የተፈረደበት በመጨረሻው መስመር ላይ በቀይ እስክሪብቶ በጨመራት «ዘራፊ» በምትል አንዲት ቃል ነው።

የሐሰተኛ መረጃውን ማስፈራሪያ በተመለከተ፣ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከኤክሳይዙ አዋጅ ጋር የቁጥር ጎረቤት ነው፤ ሁለቱም በአንድ የየካቲት ወር ጸድቀዋል፣ ዕጩውም ምናልባት በሁለቱም ላይ እጅ አውጥተዋል። አዋጁ የሚቀጣው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ግልጽ የሆነ ሐሰተኛ ነገር ያሠራጨን ሰው ነው። ስለ ቦርድ ዕጩ ያለፈ ድምፅ የተጻፈ ወረቀት እዚህ ውስጥ የሚገባ አይመስለኝም። ቅጣቱ የሚከብደው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሠራጭ ስለሆነ፣ 340 አባላት ያሉት የማኅበርዎ ቡድን በዚያ ረገድም የራቀ ነው።

እንግዲህ ወረቀቱን እንዲህ ቢጽፉት እመክራለሁ፦ ዕጩው በስብሰባ የተናገሩትን ቀኑንና ቦታውን ጠቅሰው፣ ከሥሩ የቃለ ጉባዔውን ገጽ ገልብጠው፣ ቀጥሎ «በዚህ መዝገብ አዋጁን ሲቃወሙ የተናገሩትን አላገኘንም፤ ካለ ያሳዩን» ብለው ይጠይቁ። የባለቤታቸውን ስም ሰነድ በእጅዎ እስኪገባ አያንሡ፤ ከገባም ከሥራቸው ጋር ያልተያያዘ የግል ኑሯቸው ውስጥ አይግቡ፣ እሳቸው ለምንም አልተወዳደሩምና። ወረቀቱን ከማሠራጨትዎ በፊትም አንድ ቅጂ ለራሳቸው ለዕጩው ልከው መልሳቸውን ይጠብቁ፤ መልስ ከሰጡ አብረው ያትሙት። ብቸኛ ዓላማዎ መጉዳት ነበር የሚል ክርክር ቢነሣ ይህ ደብዳቤ ከማንኛውም ምስክር ይልቅ ይከራከርልዎታል።

ምርጫው ከ30 ቀናት በፊት ከሆነ መዝገቡ ሊደርስልዎ ስለማይችል ማመልከቻውን በዚህ ሳምንት ያስገቡ። በፖስታ ከመላክ በፍጥነት መንገዱ ሄደው በእጅዎ ቢያስረክቡ ይሻላል፤ ሁለት ቅጂ ይያዙ፣ መዝገብ ቤቱ በእርስዎ ቅጂ ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ጽፎ ማኅተም ሳያደርግበት አይውጡ፣ ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነውና።