ሱባሩ ላናደደሽ፦ «ሪ፡ዜሮ» ይታያል ወይስ ይቅር?

የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ጓደኛዋ «ሪ፡ዜሮ» የሚባለውን የጃፓን ካርቱን (አኒሜ) «እዪው» እያለች ጨቀጨቀቻት፣ ሁለት ክፍል አየች፣ ዋናው ልጅ ሱባሩ ይጮኻል፣ ይቀባጥራል፣ ምንም አይችልም። «ከስንተኛው ክፍል በኋላ ነው የሚጣፍጠው? ወይስ ጊዜዬን አላባክን?» ትላለች። እኔ እስከ ሦስተኛው ሲዝን ያለውን አይቼዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ሲዝን እንዲያውም ከታናሽ ወንድሜ ጋር ደግሜዋለሁ። መልሴ «ይታያል» ነው። ልጁ ማናደዱ ግን እውነት ነው፣ እንዲያናድድ ሆን ተብሎ ነው የተጻፈው። ይሄን ይዘሽ ካላየሽው አይዘለቅም።

ጭራሽ ላልሰማ ሰው፦ ናትሱኪ ሱባሩ ትምህርት ቤት መሄድ ትቶ ቤት የተከተተ ጃፓናዊ ወጣት ነው። አንድ ማታ ከሱቅ የሚበላ ነገር ገዝቶ ሲወጣ፣ ቱታውን እንደለበሰ ፌስታሉን እንዳንጠለጠለ፣ ሉጉኒካ የምትባል አገር ዋና ከተማ መሀል ራሱን ያገኘዋል። ኢሴካይ፣ ማለትም ሰው ወደ ሌላ ዓለም የሚወሰድበትን ታሪክ፣ የለመደ ሰው ቀጣዩን ያውቀዋል፤ ኃይል ይሰጠዋል፣ ጠላቱን ይረፈርፋል፣ ቆንጆዎች ይከቡታል። ሱባሩም የሚጠብቀው ያንኑ ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ሦስት ወሮበሎች ሲያስቆሙት ጀግናው እኔ ነኝ ብሎ ይገጥማቸዋል፤ ቢላ ሲያይ መሬት ላይ ተደፍቶ ይለምናል። ያለችው ችሎታ አንድ ብቻ ናት፦ ሲሞት ወደ ኋላ ይመለሳል። የት ድረስ እንደሚመለስ እሱ አይመርጥም። ሆዱን ተቀዶ የሞተው ልጅ ዓይኑን ሲገልጥ እዚያው መጀመሪያ ያገኘው ፍራፍሬ ሻጭ ፊት ቆሟል፤ ሻጩም ከዚህ በፊት አይቶት አያውቅም። ለሰው ሊናገር ሲሞክር ደግሞ ለሌላ ሰው የማትታይ ጥቁር እጅ ልቡን ጨምድዳ ትይዘዋለች። በቃ፣ ሥቃዩን ለብቻው ይሸከማል።

ሁሉም ሰው «እስከ 15ኛው ክፍል ታገሺ» ይልሻል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ደስ ላላለሽ ነገር ስድስት ሰዓት የመስጠት ዕዳ የለብሽም። እስከ 7ኛው ብቻ እዪ። ከ4ኛው ጀምሮ ታሪኩ ወደ አንድ መኳንንት ግቢ ይገባል፤ ሬምና ራም የሚባሉ መንትያ የቤት ሠራተኞች አሉ፤ ሱባሩ አልጋው ላይ ተኝቶ ይሞታል፣ ማን እንደገደለው አያውቅም። ከዚያ በኋላ ነገሩ የወንጀል ምርመራ ነው የሚሆነው፤ መርማሪው ደግሞ ሟቹ ራሱ። 7ኛው ሲያልቅ «እስቲ ቀጣዩን» ካላልሽ ዝጊው፣ ማንም አይወቅስሽም።

ካልሽ ግን ወደ 12ኛውና 13ኛው ትደርሻለሽ፤ እኔ ይሄን አኒሜ ከሌሎቹ ለይቼ የማየው በእነዚህ ሁለቱ ምክንያት ነው። ለዙፋን የሚወዳደሩ አምስት ሴቶች ቤተ መንግሥት ተሰብስበዋል፤ ከአምስቱ አንዷ ሱባሩ የወደዳት ኤሚሊያ ናት። ሱባሩ እንዳይመጣ ነግራዋለች፤ እሱ መጥቶ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰይፍ ሲማሩ የኖሩ ባላባቶች ፊት «የኤሚሊያ ባላባት እኔ ነኝ» ብሎ ይፎክራል። ጁሊየስ የሚባለው በልምምድ ሜዳ ላይ በእንጨት ሰይፍ አሳምሮ ይገርፈዋል። ወንድሜ እዚህ ጋ ላፕቶፑን ሊዘጋው ነበር፤ ሰው ስለ ሌላ ሰው ማፈር ምን እንደሆነ እዚህ ታያለሽ።

ዋናው ግን ከዱላው በኋላ ሱባሩና ኤሚሊያ የሚያደርጉት ንግግር ነው። ኤሚሊያ ለምን እንዲህ እንደሚሆንላት ትጠይቀዋለች። እሱ ያደረገላትን ይቆጥርላታል፦ የተሰረቀብሽን አስመልሼ፣ እዚያ ቤት ከነፍሰ ገዳይ አድኜሽ፣ ግቢው ውስጥ ይሄን አድርጌ፣ ያን አድርጌ፤ ከፍለሽ የማትጨርሽው ዕዳ አለብሽ ይላታል። ችግሩ ለዚህ ሁሉ የከፈለው ዋጋ አብዛኛው እሷ በማታስታውሰው፣ በተሰረዘ ጊዜ የሆነ ነው። የዱቤ ደብተሩን እሱ ብቻ የሚያየው ባለሱቅ ሆኖ ነው የሚያፋጥጣት። እሷ የምታየው በቅርቡ የተዋወቀችውን፣ የለመነችውን ቃል ያፈረሰ፣ እላይዋ ላይ የሚጮኽ ወንድ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም ሊግባቡ አይችሉም፤ ይሄን ያመጣው ደግሞ ያው ሞቶ የመመለስ ኃይሉ ነው። በሌላ ኢሴካይ ለጀግናው ስጦታ የሚሆነው ነገር እዚህ ከሰው የሚለየው አጥር ይሆናል። አንቺን ያናደደሽ ጩኸትና ጉራ ተጠራቅሞ እዚህ ሒሳቡን ይከፍላል። 13ኛው ላይ ሆነሽ «ይሄ ልጅ አንገሸገሸኝ» ካልሽ እንግዲህ አታቁሚ፤ ደራሲው የፈለገሽ እዚያው ነው።

ደራሲው ታፔይ ናጋትሱኪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ማንም ሰው ልብ ወለዱን በነፃ በሚለጥፍበት የጃፓን ድረ ገጽ ላይ ነው የጀመረው፤ ከ2014 ጀምሮ በመጽሐፍ ወጣ፣ ዋይት ፎክስ ስቱዲዮ ደግሞ በ2016 አኒሜ አደረገው። የዛሬው ኢሴካይ ጎርፍ ብዙው የመጣው ከዚያው ድረ ገጽ ነው፤ እርስ በርስ የሚመሳሰሉትም ለዚህ ይመስለኛል። ናጋትሱኪ የዚያን አንባቢ ምኞት አሳምሮ ያውቀዋል፣ ቤት ተዘግቶ «ሌላ ዓለም ብሄድ ሰው እሆን ነበር» የሚለውን ልጅ ወስዶ እዚያም ያንኑ ጠባዩን ይዞ እንደሚሄድ ያሳየዋል።

ሁለተኛው ሲዝን ላይ ስትደርሺ 4ኛውን ክፍል ብቻሽን እዪው። ሱባሩ ወደ ቤቱ የተመለሰ ይመስላል፤ አባቱ አልጋው ላይ እየታገለ ይቀሰቅሰዋል፣ እናቱ ቁርስ ታቀርብለታለች። እነዚህ ልጁ ሳይሰናበት የጠፋባቸው ወላጆች ናቸው። ብዙው ኢሴካይ ስለተተዉት ወላጆች አንድ ቃል አይተነፍስም፤ ከቤቱ ርቆ የሚኖር ሰው ይሄን ቢያይ አንጀቱን ይበላዋል። የተቀረው ሁለተኛ ሲዝን ግን እውነቱን ለመናገር ይጎተታል። ከሞላ ጎደል አንድ ቦታ ታግቶ ወሬ በወሬ ነው፤ እኔ መሀል ላይ ትቼው ቆይቼ ነው የጨረስኩት።

ሌላም እንከን አለው። የሬም ፍቅር በጥቂት ቀን ውስጥ እንደዚያ መንደዱ አይዋጥልኝም፣ ምንም እንኳ 18ኛው ክፍል፣ ሁለቱ ቁመው ሲነጋገሩ የሚያልቀው፣ ምርጥ ቢሆንም። ፔቴልጊውስ የሚባለው እብድ ደግሞ ወይ ትወጂዋለሽ ወይ ድምፁን ትቀንሻለሽ። ታሪኩም ገና አላለቀም፤ መጨረሻውን አይቼ ልገላገል የምትይ ከሆነ ይሄ ላንቺ አይደለም። ደም፣ ሆድ ዕቃ፣ የተቆራረጠ አካል ስለሚበዛበት ደግሞ ሳሎን ከትንንሽ ልጆች ጋር አይከፈትም።

በጃፓንኛ ድምፅ በእንግሊዝኛ ሰብታይትል እዪው። የሱባሩ ተዋናይ ዩሱኬ ኮባያሺ 15ኛው ላይ ድምፁ ሲሰነጣጠቅ መስማት አለብሽ። ስታወርጂ ስሙን ተመልከቺ፤ የመጀመሪያው ሲዝን 25 ክፍል ነው፣ በ2020 ግን በአንድ አንድ ሰዓት 13 ክፍል ተደርጎ እንደገና ወጥቷል። እኔ የማወራው የ25ቱን ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ክፍል ብቻ 50 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ለሁለት ተከፍሎ ይጫናል። «ሁለት ክፍል አየሁ» ያልሽው ያ ከሆነ ገና አንዱን ነው ያየሽው። ጨርሰሽ ሁለተኛው ሲዝን ከመግባትሽ በፊት ስለ ኤሚሊያ ልጅነት የሚተርከውን የ2019 ፊልም ጣል አድርጊበት፣ በኋላ ይጠቅምሻል።

መሳቅ ብቻ ከፈለግሽ ግን ይሄን ተይውና «ኮኖሱባ»ን ጀምሪ። የሚረጋጋ ነገር ከሆነ ያማረሽ፣ መጽሐፍ ወዳዷ ልጅ መጽሐፍ የሀብታም ብቻ በሆነበት ዓለም ተወልዳ ወረቀት ከምንም ተነስታ የምትሠራበትን «አሴንዳንስ ኦፍ ኤ ቡክዎርም» እዪ፤ እሱ ላይ የሚጮኽ ወንድ የለም። ሪ፡ዜሮን ከቀጠልሽ ደግሞ የገጸ ባሕርያቱን ስም ጎግል ላይ እንዳትፈልጊ፤ የሬምን ስም ብቻ ብትጽፊ ገና ያላየሽውን ይዘረግፍልሻል።