«መቼ ነው የጀመረው?»

ልጆቼ፣ ነርስ ሆኜ 30 ዓመት ግድም ሠርቻለሁ። ፊቷ አብጦ የመጣች ሴት አብዛኛውን ጊዜ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ትላለች። ቤቷ ደረጃ እንደሌለው እያወቅኩም አልከራከራትም። ቁስሏን ካጠብኩ በኋላ ቀስ ብዬ «መቼ ነው የጀመረው?» እላለሁ። ስለ ባሏ የምትነግረኝ ይመስለኝ ነበር። ስንቶቹ ግን ከአሥረኛ ክፍል ፍቅረኛቸው ይጀምራሉ!

መጀመሪያ ዱላ የለም። «ስልክሽን አምጪ» ነው፣ «ከእነ እንትና ጋር እንዳላይሽ» ነው። ከዚያ ጥፊ። ከዚያ እንባና ቸኮሌት። እሷም «ስለሚወደኝ እኮ ነው የሚቀናው» ትላለች። ጉደኛ ነው፣ ጓደኞቿም «ታድለሽ» ይሏታል።

አሜሪካ ውስጥ ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው 5,681 ልጆች ስለ ፍቅር ሕይወታቸው ተጠይቀው ነበር። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላም በድጋሚ ተጠየቁ። ውጤቱ በፈረንጆች 2013 ታተመ። በልጅነታቸው በፍቅረኛ የተጎዱት፣ ሴቶቹም ወንዶቹም፣ ካደጉ በኋላ ዳግም የመጎዳት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነበር። ሁሉም ላይ ይደርሳል ማለት አይደለም። ወጥተው በሰላም የሚኖሩ ብዙ አውቃለሁ።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ 16 ዓመት ላይ ፍቅርን የምትለኪበት ሌላ ነገር የለሽም። የመጀመሪያው ሰው ከመታሽ፣ ሁለተኛው ሲሰድብሽ «ኧረ ይሄስ አይማታም» ትያለሽ። እኛ ትልልቆቹም አላገዝናችሁም። በፈረንጆች 2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከሴቶቹ 63 በመቶ የሚሆኑት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ቢያንስ አንድ ምክንያት አለ ብለዋል። ከተጠየቁት ምክንያቶች አንዱ ምግብ ማሳረር ነው። ምግብ!

ወንዶች ልጆቼ፣ ከእናንተም ሴት የምትመታችሁ አላችሁ። «ሴት መታችው» እንዳትባሉ ዝም ትላላችሁ። የፍቅረኛችሁን ስልክ የምትቀሙም ከመካከላችሁ አላችሁ፤ ተዉ።

አንዴ አንዲት ተማሪ ከንፈሯ ተሰንጥቆ መጣች። ፍቅረኛዋ እንደመታት ነገረችኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ እኔም ደክሞኛል። «የልጅ ነገር ነው፣ ያልፋል። ትምህርትሽ ላይ አተኩሪ» አልኳት። ከዓመታት በኋላ ልጅ አዝላ መጣች፤ የመታት ሌላ ሰው ነው፣ ባሏ። እንደ ልማዴ ጠየቅኳት።

«ሲስተር፣ ያኔ ነግሬዎት ነበር እኮ» አለችኝ።

ለአንድ ትልቅ ሰው ነግራችሁ እንደ እኔ «ያልፋል» ካላችሁ፣ ለሁለተኛ ሰው ንገሩ። እሱም ካልሰማ፣ ለሦስተኛ።