ሚስቱ ካናዳ ለሆነችው ወንድማችን፦ «አስፈላጊ ጉዞ» እኔን እንዴት እንዳስለቀሰኝ

(ይህን መልስ የጻፍሁት በኮሮና ጊዜ፣ በ2013 ነው፤ እዚህ ያሉት የካናዳ መግቢያ ሕጎች የዚያን ጊዜ ናቸው፤ ዛሬ ተነሥተዋል።)

አብሽር ወንድሜ። «ባለቤቴ የካናዳ ዜጋ ናት፤ ቪዛም አለኝ፤ በኮሮና ምክንያት ግን ለአስፈላጊ ጉዞ ብቻ ነው የሚያስገቡት አሉኝ፤ ሚስትን ከማየት የበለጠ ምን አስፈላጊ አለ?» ብለሃል። እኔም ነሐሴ 2012 ከደሴ ስነሣ ቃል በቃል ይህንኑ እል ነበር።

1. ልብህን ሳይሆን ዝርዝሩን ተመልከት። መንግሥት ሁሉ «አስፈላጊ» የሚለውን በየራሱ ሚዛን ይለካል። የእኛ አገር ድንበር ለሰው ሲዘጋ ለጭነት መኪና ክፍት ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ሐኪሙን፣ የእርሻ ወቅት ሠራተኛውን፣ ሾፌሩን በሥራው ለየ። ካናዳ መጋቢት 9 ቀን 2012 በሯን ስትዘጋ ለዜጎቿና ለቋሚ ነዋሪዎቿ የቅርብ ቤተሰብ መግቢያ ትታለች፤ የትዳር ጓደኛ እዚያ ውስጥ አለ። እህትና ወንድም እንኳ የተፈቀደላቸው ከመስከረም 28 ቀን 2013 ወዲህ ነው፤ እሱም በጽሑፍ ፈቃድ።

2. የመመለሻ ቀንህ። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው። ካናዳ ያለችው ሚስቴ ወልዳ ነበር። ሱቄን ለወንድሜ ትቼ የ12 ቀን ደርሶ መልስ ቲኬት ቆረጥሁ፤ ቅጹ ላይ የጉዞ ምክንያት ሲሉኝ «ጉብኝት» ብዬ ጻፍሁ። እናቴ የአራስ ቅቤና የገንፎ ዱቄት አሸክማ፣ ዱዓ አድርጋ ሸኘችኝ። ሕጉ ግን የቅርብ ቤተሰብ ቢያንስ 15 ቀን ሊቆይ ካሰበ ምክንያቱን አይጠይቅም፤ ከዚያ ካነሰ መዝናኛና ጉብኝት ክልክል ነው። ለነገሩ እንደ እኛ ለቤተሰብ የገባ ሰው 14 ቀን ራሱን ለይቶ መቀመጥ ግዴታው ነው፤ በ12ኛው ቀን እመለሳለሁ ማለቴ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ሳስበው ይገባኛል። ያኔ የነገረኝ አልነበረም። ቦሌ መሳፈሪያው ላይ የነበረችው ሠራተኛ የጋብቻ ወረቀቴን ገልጣ እንኳ ሳታይ «ልጅማ ሁሉም ይወልዳል፤ ቀጥሎ ያለው!» አለችኝ። አንዲት ቃል ብታስረዳኝ ምን ነበረበት? ያንን ቅቤ ይዤ በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴ 400 ኪሎ ሜትር ተመለስሁ። እናቴ በሩን ስትከፍት ያየሁትን ፊቷን አልረሳውም።

3. ወረቀት። ለሁለተኛው ጉዞ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ በእንግሊዝኛ እንዲተረጎም ፈለግሁ፤ የስሜ አጻጻፍ ከፓስፖርቴ ጋር አልገጠመም። ለማስተካከል ቀበሌ ስድስት ቀን ተመላለስሁ፤ አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ፣ ሌላ ቀን ማኅተሙ የለም። አልተውኋቸውም፤ በሰባተኛው ቀን በራፋቸው ላይ ቁጭ ብዬ አስፈረምሁ። አንተ ዛሬውኑ ፊደል በፊደል አመሳክር። የሚስትህን የዜግነት ማስረጃ ቅጂም አስልክ።

በጥር 2013 በሁለት ወር ቲኬት ሄድሁ፤ ምክንያቴን «ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ለመኖር» ብዬ ጻፍሁ፤ የምቀመጥበትን ክፍልና ምግብ የሚያቀርብልኝን ሰው ሳይቀር አዘጋጅቼ። ማንም አላስቆመኝም። ልጄን አቀፍሁት።

ከ2013 ገና ዕለት ጀምሮ ከበረራው በፊት ባለው 72 ሰዓት ውስጥ የተሠራ የኮሮና ምርመራ ውጤት ይጠየቃል፤ ስለዚህ ደሴ ሆነህ አትመርመር፣ አዲስ አበባ ግባና ተመርመር። ከየካቲት 15 ቀን 2013 ወዲህ ደግሞ ሦስት ሌሊት በራስህ ወጪ ሆቴል ያሳድሩሃል፤ እኔ ለጥቂት አመለጥሁ፣ አንተ ገንዘቡን ያዝ።

ቲኬቱን ገና ካልቆረጥህ የመመለሻውን ቀን እዚሁ ጻፍልኝ፤ ዛሬ ማታ አየዋለሁ።