የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ክለሳ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከጎንደር ከተማና ከዙሪያዋ የደረሱን ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚያጠነጥኑት በ12ኛ ክፍል የባዮሎጂ ክለሳ ላይ ነው። ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነባቸው፣ ተማሪዎቹ እያንዳንዱን ምዕራፍ ለብቻው ደህና አድርገው እንደሚያውቁትና የሚደናገሩት ግን ሁለት ምዕራፎች በሚገናኙበት ቦታ ላይ እንደሆነ ተረድቻለሁ። ጥሩ ፈታኝም ጥያቄውን የሚያወጣው ከዚያው መገናኛ ስለሆነ፣ በመልሶቼ ላይ ትኩረት የሰጠሁት ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶሲንተሲስንና (ዕፅዋት በብርሃን ምግብ የሚሠሩበትን) ሴሉላር ሬስፒሬሽንን (ሕዋስ ከምግብ ኃይል የሚያወጣበትን) ደረጃ በደረጃ በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ይሁን እንጂ «ዕፅዋት ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማታ ኦክስጅን ያስገባሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር እውነት ወይስ ሐሰት ተብሎ ሲመጣ እወላውላለሁ። ደግሞም አንዱ መጽሐፍ ከአንድ ግሉኮስ 38 ኤቲፒ (ሕዋስ ለሥራው ኃይል የሚያገኝበት ሞለኪውል) ይገኛል ሲል ሌላው 32 ይላል። የትኛውን ልያዝ? (ተማሪ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ከተወሰደ ሐሰት ነው። የዕፅዋት ሕዋስም እንደ እኛ ሕዋስ ማይቶኮንድሪያ (ሬስፒሬሽን የሚካሄድበት ክፍል) ያለው ሲሆን፣ ማይቶኮንድሪያው ፀሐይ ወጣች ብሎ ሥራውን አያቆምም፤ ስለዚህ ተክሉ ቀንም ሌሊትም ይተነፍሳል። ቀን ላይ ፎቶሲንተሲስ የሚያካሂደው ክሎሮፕላስት የሚያመነጨው ኦክስጅን ማይቶኮንድሪያው ከሚፈልገው ስለሚበልጥ፣ ከቅጠሉ የሚወጣው ትርፉ ብቻ ነው። ማለዳና ምሽት ላይ ደግሞ ሁለቱ ተመጣጥነው ቅጠሉ ምንም የማይሰጥና ምንም የማይቀበል የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ ኮምፔንሴሽን ፖይንት የሚባለው እርሱ ነው። ከአፈር በታች ያለው ሥር ግን ፎቶሲንተሲስ ስለማያካሂድ ምንጊዜም ኦክስጅን ተቀባይ ነው። በክረምት በደምቢያ ሜዳ፣ ውኃ በተኛበት ዋልካ አፈር ላይ ሰብል ቢጫ ሆኖ አይተሽ እንደሆነ፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የአፈሩ ቀዳዳዎች በውኃ ሲሞሉ ሥሩ ኦክስጅን ያጣል፣ ኤቲፒ ስለሚያጥረውም ናይትሬትን የመሰሉ ንጥረ ነገሮችን ከአፈር መሳብ ይሳነዋል፣ ጉዳቱም ቅጠሉ ላይ ይታያል።

ሁለቱን ሂደቶች ላለማምታታት የምመክርሽ የኦክስጅንን አተም እግር በእግር መከተልን ነው። ቅጠሉ የሚያወጣው ኦክስጅን የሚመጣው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይሆን በብርሃን ኃይል ከተሰነጠቀው ውኃ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1941 ኦክስጅን-18 የተባለውን ከባድ አይሶቶፕ በመጠቀም በተሠራ ሙከራ ታይቷል። በሬስፒሬሽን ደግሞ የምንስበው ኦክስጅን በኤሌክትሮን ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ኤሌክትሮንና ፕሮቶን ተቀብሎ ውኃ ይሆናል እንጂ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይሆንም፤ በካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን የመጣው ከግሉኮሱና በክሬብስ ዑደት ከገባው ውኃ ነው። ይህን የያዘ ተማሪ በሁለቱ ምዕራፎች ላይ የሚመጡትን አብዛኞቹን ወጥመዶች ያልፋል።

የኤቲፒውን ቁጥር በተመለከተ፣ 38 የሚለው ኤሌክትሮን ተሸካሚ ከሆኑት ሞለኪውሎች አንድ ኤንኤዲኤች 3፣ አንድ ኤፍኤዲኤች2 ደግሞ 2 ኤቲፒ ይሰጣል ከሚለው የቀድሞ ስሌት የመጣ ነው። ኋላ በተደረጉ ልኬቶች ቁጥሮቹ ወደ 2.5 እና 1.5 ስለወረዱ፣ 10 ኤንኤዲኤች 25፣ 2 ኤፍኤዲኤች2 3፣ በቀጥታ የሚገኙት ደግሞ 4 ኤቲፒ ሆነው ድምሩ 32 ይመጣል። በግላይኮሊሲስ (ከማይቶኮንድሪያ ውጭ ግሉኮስ በሚከፈልበት የመጀመሪያ ደረጃ) የተገኙት ኤሌክትሮኖች ወደ ማይቶኮንድሪያ በሚገቡበት መንገድ ምክንያት 30 የሚሆንበትም አለ። በፈተና ላይ ሁለቱም በምርጫነት አብረው ከመጡ የተማርሽበትን መጽሐፍ ተከተይ፤ ስሌቱን ካወቅሽ ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አይጠፋሽም።

ጥያቄ፦ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎና ማሽላ ሲ4፣ ስንዴ፣ ገብስና ሽምብራ ሲ3 ናቸው ተብለን ተምረናል። ሲ4 የተሻለ ከሆነ ዕፅዋት ሁሉ ለምን ሲ4 አልሆኑም? (ተማሪ፣ ከቆላ ድባ)

መልስ፦ ሲ3ና ሲ4 ዕፅዋት ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዙባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው፤ ሁሉም ሲ4 ያልሆኑት ሲ4 መሆን ወጪ ስላለው ነው። ሩቢስኮ የተባለው ኤንዛይም ካርቦን ዳይኦክሳይድን መያዝ ሲገባው አልፎ አልፎ ኦክስጅንን ይይዛል፤ ፎቶሬስፒሬሽን ይባላል፤ ተክሉም ቀድሞ የሠራውን ካርቦን ያባክናል። ሙቀት ሲበረታና ተክሉ ውኃ ለመቆጠብ ስቶማታውን (የቅጠሉን የአየር ቀዳዳዎች) ሲዘጋ፣ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያንስ ብክነቱ ይጨምራል። ሲ4 ዕፅዋት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጀመሪያ ኦክስጅንን በማይነካ ሌላ ኤንዛይም፣ በፔፕ ካርቦክሲሌዝ ይይዙትና አራት ካርቦን ያለው አሲድ አድርገው በቅጠሉ ውስጥ ውኃና ምግብ የሚያመላልሱትን ቧንቧዎች ወደከበቡት ሕዋሳት ያስተላልፉታል፤ ሩቢስኮ የሚሠራው እዚያ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት በተከማቸበት ስፍራ ነው። ለዚህ ማስተላለፊያ ግን ለእያንዳንዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 2 ተጨማሪ ኤቲፒ ይከፈላል፤ ሲ3 በ3 ኤቲፒ የሚጨርሰውን ሲ4 በ5 ይጨርሰዋል ማለት ነው። ቆላ ላይ ወጪው ይካሳል፤ ቀዝቃዛ ደጋ ላይ ግን ፎቶሬስፒሬሽኑ ራሱ ትንሽ ስለሆነ ተጨማሪው ወጪ ኪሳራ ይሆናል። ከመተማ ማሽላ ተነስተህ ወደ ደባርቅ ገብስ ስትወጣ የምታየው የሰብል ለውጥ ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው፤ ሆኖም ገበሬ የሚዘራውን የሚመርጠው በአፈሩ፣ በዝናቡና በገበያውም ጭምር ስለሆነ፣ ጤፍና በቆሎ ደጋማ ቦታ ላይ መብቀላቸው ትምህርቱን አያፈርሰውም። ስቶማታውን ሌሊት የሚከፍተው ቁልቋል ሦስተኛው ዓይነት፣ ካም የሚባለው ነው፤ እርሱ ሁለቱን ሥራዎች የሚለያየው በቦታ ሳይሆን በሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ በማዮሲስ (የዘር ሕዋሳት በሚፈጠሩበት ክፍፍል) የክሮሞሶም ቁጥር በግማሽ የሚቀንሰው በመጀመሪያው ክፍፍል ነው ወይስ በሁለተኛው? የሜንዴል ሕጎችስ ከዚህ ጋር ምን ያገናኛቸዋል? (ተማሪ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ በመጀመሪያው ነው። ይህን በቃል ከመያዝ በክር ሠርቶ ማየት ይሻላል። ከገበያ ቀይና ሰማያዊ ክር ግዢ፤ ከእያንዳንዱ ቀለም ሁለት ረጃጅምና ሁለት አጫጭር ቁራጮች ቁረጪ። ሁለቱን ረጃጅም ቀይ ክሮች አስተካክለሽ ጎን ለጎን ካደረግሽ በኋላ መሐላቸው ላይ አንድ ላይ ቋጥሪያቸው፤ ቋጠሮው ሴንትሮሜር፣ ሁለቱ ክሮች እኅትማማች ክሮማቲዶች ናቸው። የቀሩትንም እንዲሁ አድርጊ። ቀዩ ከአባት፣ ሰማያዊው ከእናት የመጣ ይሁን። ጠረጴዛው ላይ አሁን 4 ቋጠሮና 8 ክር አለ፤ ክሮሞሶም የሚቆጠረው በቋጠሮው ስለሆነ ክሮሞሶሞቹ 4 ናቸው። የሰው ሕዋስም ዲኤንኤውን ካባዛ በኋላ 92 ክሮማቲድ ቢኖሩትም ክሮሞሶሞቹ ያው 46 የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ረጅሙን ቀይ ከረጅሙ ሰማያዊ፣ አጭሩን ቀይ ከአጭሩ ሰማያዊ ጋር ፊት ለፊት አስቀምጪና ቋጠሮ ሳትፈቺ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለያዪያቸው። በእያንዳንዱ ወገን 2 ቋጠሮና 4 ክር ቀረ፤ ቁጥሩ በግማሽ ቀነሰ፤ አናፌዝ አንድ ማለት ይህ ነው። ቋጠሮው የሚፈታው በሁለተኛው ክፍፍል ሲሆን፣ ያን ጊዜ ክሮማቲዶቹ ይለያያሉ እንጂ የክሮሞሶም ቁጥር ከ2 አይወርድም።

ሜንዴል ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1866 ሲያሳትም ስለ ክሮሞሶም የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ሕጎቹ ግን ጠረጴዛሽ ላይ ናቸው። ቀዩና ሰማያዊው መለያየታቸው የመጀመሪያው ሕግ ነው። ረጅሙ ቀይ ወደ ግራ በሄደ ጊዜ አጭሩ ቀይ አብሮት ሊሄድም ላይሄድም መቻሉ ሁለተኛው ሕግ ነው። በሁለት ጥንድ 4 ዓይነት፣ በሰው 23 ጥንድ ደግሞ 8,388,608 ዓይነት ጋሜት (የዘር ሕዋስ) ሊገኝ የሚችለው ክሮሲንግ ኦቨር (የጥንድ ክሮሞሶሞች ቁራጭ መለዋወጥ) ሳይታሰብ ጭምር ነው። ሁለት ዘረመሎች በአንድ ክር ላይ ተቀራርበው ከተቀመጡ ግን አብረው ስለሚጓዙ፣ ሁለት ባሕርያት ለየብቻቸው ሲወረሱ የሚጠበቀው 9፡3፡3፡1 የሚለው ንጽጽር አይወጣም፤ ጥያቄው ያልተጠበቀ ንጽጽር ካሳየሽ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ይህን ይሁን።

ክሮቹን ሳታነሺ አንድ ነገር ጨምሪ። በመጀመሪያው ክፍፍል ረጅሙ ቀይና ረጅሙ ሰማያዊ ሳይለያዩ ወደ አንድ ወገን ቢሄዱ፣ ከሚወጡት 4 ጋሜቶች ሁለቱ አንድ ክሮሞሶም ይተርፋቸዋል፣ ሁለቱ ይጎድላቸዋል፤ ጤነኛ የለም። ስሕተቱ የተፈጠረው በሁለተኛው ክፍፍል በአንዱ ወገን ብቻ ከሆነ ግን ሁለቱ ጋሜቶች ጤነኛ ይሆናሉ። ይህ ልዩነት በፈተና ላይ ሲጠየቅ በቃሉ ያጠና ይደናገራል፤ በክር የሠራ ግን አይደናገርም።

ጥያቄ፦ የወባ ተውሳክ ዋና አስተናጋጅ ሰው ነው ብዬ ብመልስ ተሳስተሃል ተባልኩ። ታማሚው ሰው ሆኖ ሳለ እንዴት? (ተማሪ፣ ከመተማ)

መልስ፦ ዋና አስተናጋጅ የሚባለው ተውሳኩ ጾታዊ ርቢውን የሚፈጽምበት ፍጡር እንጂ የሚታመመው አይደለም። ፕላዝሞዲየም በጉበታችንና በቀይ የደም ሕዋሳችን ውስጥ የሚባዛው ያለ ጾታ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ሁሉ ሃፕሎይድ (ነጠላ የክሮሞሶም ስብስብ ያለው) ነው። ጋሜቶቹ የሚዋሃዱት በሴቷ አኖፌለስ ትንኝ ሆድ ውስጥ ነው፤ ዲፕሎይድ (ጥንድ ስብስብ ያለው) የሚሆነው በዚያ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ማዮሲስም የሚከተለው እዚያው ነው። ስለዚህ ትንኟ ዋና፣ ሰው ደግሞ መካከለኛ አስተናጋጅ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ለፈተና እየተዘጋጀ ነው፤ የባዮሎጂ ቲቶሪያል ላስገባው? (አባት፣ ከአራዳ)

መልስ፦ ከመክፈልዎ በፊት ከመጽሐፉ አንድ ሥዕል፣ ለምሳሌ የኔፍሮንን (በኩላሊት ውስጥ ያለውን ደም አጣሪ ክፍል)፣ ጽሑፉን ሸፍኖ እንዲያስረዳዎ ይጠይቁት፤ እርስዎ ትምህርቱን ባይማሩትም ሲደናቀፍ ያውቁበታል። ያለ ችግር ካስረዳዎ ገንዘቡን ይቆጥቡ። ካልቻለም የት ላይ እንደሚደናቀፍ ስለታወቀ፣ አስጠኚው በዚያ ላይ ብቻ እንዲሠራ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ሰው ከዝንጀሮ የመጣ ከሆነ፣ ጭላዳ ዛሬም ሰሜን ተራራ ላይ ሣር የሚነጨው ለምንድን ነው? ደጋ የሚኖር ሰውስ ከብርዱና ከአየሩ ጋር ሲታገል ዘረመሉ ይለወጣል? (ተማሪ፣ ከደባርቅ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ የቆመበት መነሻ ትክክል አይደለም። ዝግመተ ለውጥ የሚለው ሰውና ጭላዳ የጋራ ቅድመ አያት አላቸው ነው እንጂ አንዱ ከሌላው ተወለደ አይደለም። የሁለቱ ሐረጎች የተለያዩት ከ25 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ነው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ ከዚያ አንጻር የትናንት ናት። ጭላዳም ባለበት የቆመ ፍጡር አይደለም፤ ቴሮፒቴከስ ከተባለው ወገን ዛሬ በሕይወት ያለው እርሱ ብቻ ሲሆን፣ ሣር በመብላት ከሌሎቹ ዝንጀሮዎች ተለይቶ በራሱ መንገድ ተለውጧል።

ሁለተኛው ጥያቄህ የበለጠ ያስደስታል፤ መልሱም በሠፈርህ አለ። ከመተማ ወደ ደባርቅ የወጣ ሰው በሳምንታት ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሱ ይጨምራል፤ ሲወርድ ደግሞ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህ የአንድ ሰው አካል መላመድ ነው፤ ዘረመሉ አልተለወጠም፣ ለልጁም አያወርሰውም። ዝግመተ ለውጥ የሚታየው በሕዝብ ላይ፣ በትውልዶች ሂደት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ተመርምረው የሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) መጠናቸው በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ያልበለጠ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአንዲስ ተራሮች ያሉ ደገኞች ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። አንድ ዓይነት ችግር በሁለት ቦታ የተለያየ መፍትሔ ማግኘቱን ልብ በል። ምክንያቱም ሚውቴሽን (የዘረመል ለውጥ) የሚመጣው ስለተፈለገ አይደለም፤ የተፈጥሮ ምርጫ የሚሠራው አስቀድሞ በሕዝቡ ውስጥ በተገኘው ልዩነት ላይ ብቻ ነው። በፈተና ላይ «እንስሳው ስለፈለገ»፣ «እንዲችል ብሎ» የሚሉ ሐረጎች ያሉበትን ምርጫ ካየህ በጥርጣሬ ተመልከተው።

ጥያቄ፦ የአሌሎችን (የአንድ ዘረመል የተለያዩ ዓይነቶችን) ድርሻ በሕዝብ ውስጥ በምናሰላበት በሃርዲ-ዋይንበርግ ስሌት ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። (ተማሪ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ምንጊዜም ሪሴሲቩን (ሁለቱም አሌሎች ካልተገናኙ የማይታየውን) ባሕርይ ከሚያሳዩት ጀምር፤ መልካቸውን አይተህ ጂኖታይፓቸውን (የያዙትን አሌሎች) በእርግጠኝነት የምታውቀው የእነርሱን ብቻ ነው። በአንድ ሕዝብ ውስጥ ከ10,000 ሰዎች 4ቱ አንድ ሪሴሲቭ በሽታ አለባቸው እንበል። የሪሴሲቩን አሌል ድርሻ q፣ የሌላውን p ካልን፣ q² 0.0004 ነው፤ q 0.02፣ p ደግሞ 0.98 ይሆናል። 2pq 0.0392 ስለሆነ፣ ሳይታመሙ ዘረመሉን የተሸከሙት 392 ሰዎች ናቸው፤ ለአንድ ታማሚ 98 ተሸካሚ ማለት ነው። ጎጂ ሪሴሲቭ አሌል በተፈጥሮ ምርጫ ቶሎ የማይጠፋው ለምን እንደሆነ ከዚሁ ቁጥር ይታያል፤ አብዛኛው የተቀመጠው ጤነኛ በሆኑ ሰዎች ውስጥ ነው። ስሌቱ የሚሠራው ሕዝቡ ብዙ ከሆነ፣ ጋብቻው ያለ ምርጫ ከሆነ፣ ሚውቴሽን፣ ፍልሰትና የተፈጥሮ ምርጫ ከሌሉ ነው፤ በመስክ የተቆጠረው ከስሌቱ ከራቀ ከእነዚህ አንዱ ጎድሏል። መልስህን ከማጥቆርህ በፊት ሦስቱን ቁጥሮች ደምር፦ 9,604 (አሌሉ የሌለባቸው፣ p²)፣ 392 እና 4 አንድ ላይ 10,000 መምጣት አለባቸው።