ከዓባይ በረሃ መልስ የሚያፏጭ ፍሬን

ጥያቄ፦ በኮሮላ መኪናዬ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። የፊት ፍሬን ሸራ ካስቀየርኩ ገና ጥቂት ወራት ቢሆነኝም፣ በቅርቡ የዓባይን በረሃ አቋርጬ ከመጣሁ ወዲህ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር የፊት ጎማዎቹ ያፏጫሉ። ጋራዥ ወስጄ ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት አሽተው ቢሰጡኝም ድምፁ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። አንድ ወዳጄ ደግሞ «ሸራው ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርግበት» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመን የወዳጅዎን ምክር እንዳይሞክሩት አጥብቀን እንለምንዎታለን። መኪናውን የሚያቆመው በሸራውና ከጎማው ጋር በሚሽከረከረው የብረት ዲስክ መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ ስለሆነ፣ ዘይት ፉጨቱን ቢያጠፋ ፍሬኑንም አብሮ ያጠፋል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ይጣላል እንጂ ታጥቦ አይመለስም።

ፉጨቱ የሚመጣው ሸራው ዲስኩን አጥብቆ በመያዝ ፈንታ በሰከንድ ውስጥ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያዝ ለቀቅ እያደረገ ሲንቀጠቀጥ ነው፤ የማሲንቆ ጭራ በደጋኑ ሲታሽ የሚጮኸውም በዚሁ መንገድ ነው። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ጥያቄዎ ራሱ ወደ አንዱ ይጠቁማል። ከጎሃ ጽዮንም ሆነ ከደጀን በኩል ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ስላለው፣ እግርን ከፍሬን ሳያነሱ የሚወርዱ ከሆነ ሸራው ከልኩ በላይ ይግላል፤ ውስጡን አጣብቆ የያዘው ሙጫም ይቃጠልና ፊቱ ደርቆ ያብረቀርቃል። ብርጭቆ ወረቀት የላዩን ስስ ገጽ ስለሚያነሳ ለጊዜው ፋታ ይሰጣል፤ ሙቀቱ ዘልቆ ያቃጠለውን ግን አያድነውም።

ስለዚህ ጎማዎቹ ወልቀው ሸራው ይታይ። ፊቱ ካብረቀረቀ ወይም ከተሰነጠቀ የግራና የቀኙ አብረው ይቀየሩ። ዲስኩ ቦይ ከሠራ ቶርኖ ቤት ሊስተካከል ይችላል፤ ሆኖም ከተላገ በኋላ ውፍረቱ አምራቹ ብዙውን ጊዜ በዲስኩ ላይ ከሚጽፈው ዝቅተኛ ልክ በታች የሚወርድ ከሆነ አዲስ መግዛት ግድ ነው። ከሸራው ጀርባ የሚገባው ስስ ቆርቆሮ ድምፅ ለማፈን የተሠራ ነውና አሮጌው ሲወልቅ አብሮ እንዳይጣል ይከታተሉ። በጀርባው በኩልና ካሊፐሩ (ሸራውን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) በሚንሸራተትባቸው ፒኖች ላይ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስ በስሱ ይቀባ፤ የሸራውን ፊትና ዲስኩን ግን አይንካ። የሸራው ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳ በኮምፕሬሰር አየር አያስነፉት። አዲሱ ሸራ ከገባ በኋላ ባዶ መንገድ ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም፣ እያረፉ ደጋግመው በዝግታ ፍጥነት ይቀንሱ።

በክረምት ጠዋት ብቻ ተሰምቶ ከጥቂት ፍሬን በኋላ የሚጠፋ ድምፅ ሌሊት ዲስኩ ላይ ያደረ ዝገት ስለሆነ አያሳስብም። ሸራው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው በብዙ መኪኖች ላይ ትንሽ የብረት ምላስ ዲስኩን እየነካች ትጮኻለች፤ ይህ እንዲቀየር የተሠራ ማስጠንቀቂያ ነው።

በሚቀጥለው ጉዞዎ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ይቀንሱና ሞተሩ መኪናውን ይያዝልዎ፤ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ይዘው ይልቀቁት፣ በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) ግን ፈጽሞ አይውረዱ። ፉጨቱ ወደ ብረት መፋጨት ከተለወጠ፣ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ከገባ፣ መኪናውን ዳር ያቁሙና መካኒክ ወዳሉበት ያስጠሩ።