አባቴ 1888 ይላል፣ ሞጁሉ 1896

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ እንደምን አሉ? የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ የሚለውን ኮርስ እየወሰድኩ ነው። እውነቱን ልንገርዎትና ታሪክ ቀላል መስሎኝ ነበር። ለሚድ ሁለት ሌሊት ሙሉ ዓመተ ምሕረት ስሸመድድ አደርኩ፣ ውጤቱ ግን አንገቴን አስደፋኝ። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዓድዋ 1896 ይላል። ቤት ደውዬ አባቴን ስጠይቀው 1888 አለኝ። ስምንት እየቀነስኩ ሌላውንም ልቀይር ስሞክር አንዳንዱ ይመጣል፣ አንዳንዱ አይመጣም። ፋይናል ሊደርስ ነው። ይህን ሁሉ ቁጥር እንዴት አድርጌ ልያዘው?
ግራ የገባት ፍሬሽማን

መልስ፦ አይዞሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ያስተማርኳቸው የመጀመሪያ ዓመት ልጆች ፊት ነው የመጣብኝ፣ በየዓመቱ ይህንኑ ስለሚጠይቁኝ።

ቁጥሩን አስቀድመን እንገላገለው። አባትሽም ሞጁሉም ልክ ናቸው። ሞጁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ይጽፋል፣ አባትሽ በእኛ ይቆጥራል። ስምንት መቀነስ የሚሠራው ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ለሆነ ነገር ብቻ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው የሚቀነሰው ሰባት ነው። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ስለሆነ ከ1896 ስምንት ቀንሰሽ 1888 ታገኛለሽ። ጣሊያን የውጫሌን ውል ትቶ የኢትዮጵያን ነጻነት የተቀበለበት የአዲስ አበባ ውል ግን የተፈረመው ጥቅምት ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ እሱም 1896 ነው፣ በእኛ ግን 1889። እዚህም ላይ ስምንት ከቀነስሽ ውሉ ጥቅምት 1888 ላይ ይወድቅና ሰላሙ ከጦርነቱ በፊት ተፈረመ ማለት ይሆንብሻል!

የተገላቢጦሹም አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነው። የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት የወጣው ደግሞ ሐምሌ 9 ቀን 1923። ለእኛ አንድ ዓመት ነው፣ ሞጁሉ ላይ ግን አንዱ 1930 ሌላው 1931 ሆኖ ታገኚዋለሽ። «የ66ቱ አብዮት» እንላለን፤ ንጉሡ ከዙፋን የወረዱት ግን መስከረም 2 ቀን 1967፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት ነው። ስለዚህ ኖትሽ ላይ ወሩን ሳትጽፊ ዓመቱን ብቻ አትጻፊ። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አድርጊ፣ ከዚያ በኋላ አትሳሳቺም።

አሁን ወደ መሸምደዱ ልምጣ፤ ሚድ ላይ የጣለሽ እሱ ይመስለኛል። ሃይስኩል ላይ «መቼ ሆነ?» ተብለሽ ትጠየቂ ነበር። እዚህ ግን «ለምን ያኔ ሆነ?» ነው የሚሉሽ። አንድ ዓመት ብቻ ልምረጥልሽ፣ 1881።

መጋቢት ላይ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከሱዳን ደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። ሚያዝያ 25 ምኒልክ ከጣሊያኑ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። በመሀል ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ምን አስቸኮላቸው? እስኪ ዙሪያውን ተመልከቺ። ጣሊያን ምጽዋን ከያዘ አራት ዓመት ሆኖታል። ትግራይ ውስጥ ዮሐንስ ወራሼ ያሏቸው ራስ መንገሻ አሉ፣ ለምኒልክም አልገበሩም። የከብት በሽታ አገሩን ባዶ እያደረገው ነው፣ በሬ ከሌለ ደግሞ እርሻ የለም፣ ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ ገብቷል። ምኒልክ መሣሪያና እውቅና ይፈልጋሉ፣ ጣሊያን ከባሕሩ ዳር ተነስቶ ደጋውን ይፈልጋል። እነዚህን እርስ በርስ ካያያዝሻቸው 1881ን ልርሳው ብትይ እንኳ አትረሺውም።

ቀጥለሽ ውሉን ራሱን ክፈቺው። አንቀጽ 17 ላይ አማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ከፈለጉ ማለት ነው። ጣሊያንኛው ግን በዚያ በኩል ለመላላክ «ተስማምተዋል» ይላል። አየሽ፣ ልዩነቱ ያለው አንዲት ግሥ ላይ ነው። በዚችው ግሥ ጣሊያን «ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት» ብሎ ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቀ። ምኒልክ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው ሲልኩ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣላቸው መልስ ወደፊት በጣሊያን በኩል ይሁን የሚል ሆነ። የካቲት 1885 ላይ ውሉን አፈረሱት። ከዚያ በሦስት ዓመቱ ዓድዋ ነው።

እኔ ይህን ኮርስ የምወደው እንዲህ ላለው ቦታ ስል ነው። አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈይና በአንዱ በኩል የአማርኛውን፣ በሌላው የጣሊያንኛውን ሐሳብ ጻፊ፤ ከዚያ ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ምን ፈልጎ ጻፈው ብለሽ ጠይቂ። የትርጉም ስሕተት ነው ወይስ ሆን ተብሎ የተደረገ? ሸዋ ውስጥ ለዓመታት የኖረው አንቶኔሊ ልዩነቱን አላየውም ማለት እኔን ይከብደኛል። አንቺ ግን ከዚህ የተለየ ሐሳብ ልትይዢ ትችያለሽ፣ ማስረጃሽን እስካቀረብሽ ድረስ ችግር የለውም። ፋይናል ላይ ነጥብ የሚያስገኝልሽ ቀኑን መጻፍሽ ብቻ ሳይሆን ይህን ክርክር ማሳየትሽ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔ የካፋ ልጅ ነኝ። «ዘመናዊ» የሚባለው ታሪክ ለምን በቴዎድሮስ ይጀምራል? ያኔ የእኛ አገር የራሱ ንጉሥ ነበረው። አያቴ ስለዚያ ዘመን ብዙ ይነግረኛል፤ አሳይመንቴ ላይ ብጠቀምበት ይቀበሉኛል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ክፍል ውስጥም አንሳው። የካቲት 1847 መጀመሪያ ተደርጎ የተመረጠው ያኔ የነገሡት ቴዎድሮስ ዘመነ መሳፍንትን ዘግተው ማዕከላዊ መንግሥት ለመመሥረት ስለተነሱ ነው። ምርጫው ግን የተደረገው ከሰሜን ሆኖ ለሚያይ ሰው ነው። ከቦንጋ ሆኖ ለሚያየው ትልቁ መታጠፊያ የምኒልክ ጦር አዛዥ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የገባበትና በፈረንጆቹ 1897 የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ የተማረኩበት ጊዜ ነው። ጅማ ላይ ደግሞ ሌላ ነው፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆይተዋል። አንድ ዓመት ለሁሉም እኩል መጀመሪያ ሊሆን አይችልም። ይህን በደንብ ከጻፍክ አሳይመንትህ ከብዙዎቹ የተሻለ ይሆናል።

አያትህን በተመለከተ፣ አዎ ተጠቀምበት፤ የቃል ታሪክ የታወቀ የታሪክ ምንጭ ነው። ብቻ «አያቴ እንዳለው» ብለህ አትለፈው። የተናገረበትን ቀንና ቦታ መዝግብ፣ ከፈቀደልህ በስልክህ ቅዳው። ራሱ ያየውንና የሰማውን ለይ። የሰማውን ከማን እንደሰማ ጠይቀው፣ ያ ሰው ደግሞ የት ሆኖ እንዳየ። ከዚያ ሞጁሉ ከሚለው ጋር አስተያየው፣ የማይገጥመውንም ሳትደብቅ ጻፈው። ይህን ሥራ ደግሞ ለሚቀጥለው ሴሚስተር አታሳድረው፣ አያትህ ሳሉ በዚህ እረፍት ሄደህ አጠገባቸው ቁጭ በል።