ሶፍትዌሩን ሳይሆን ያቺን ± ምልክት ይመርምሯት

ጥያቄውን ላላያችሁ፦ ጠያቂያችን አንድን የደም ግፊት መድኃኒት ከፕላሴቦ (መድኃኒት ከሌለበት አስመሳይ ክኒን) ጋር ያወዳደሩ 9 ሙከራዎችን ሰብስበው ሜታ-አናሊሲስ፣ ማለትም የብዙ ጥናቶችን ውጤት ወደ አንድ የሚያዋህድ ስሌት፣ ሠርተዋል። መለኪያው የሲስቶሊክ (የላይኛው) ግፊት ለውጥ ነው። በሬቭማን 5 (የሜታ-አናሊሲስ ሶፍትዌር) ሲያስኬዱት አይ-ስኩዌር፣ ማለትም በጥናቶቹ ውጤቶች መካከል ካለው ልዩነት በዕድል የማይብራራው ድርሻ፣ 91% ወጣባቸው። አማካሪያቸው "ወደ ስታታ ወይም ወደ አር ይቀይሩት" አሏቸው። የቱ ሶፍትዌር ይሻላል፣ ሞዴሉስ ፊክስድ (እውነተኛው ውጤት በሁሉም ጥናት አንድ ነው የሚለው) ይሁን ራንደም (ከጥናት ጥናት ይለያያል የሚለው) ነው ጥያቄያቸው።

የቱም አያድንዎትም። ተመሳሳይ ቁጥር፣ ተመሳሳይ ሞዴልና ተመሳሳይ የታው-ስኩዌር (እውነተኛው ውጤት ከጥናት ጥናት ምን ያህል እንደሚለያይ የሚገምተው ቁጥር) ስሌት እስከሰጧቸው ድረስ ሬቭማንም፣ ስታታም፣ በአር ውስጥ ያሉት ሜታና ሜታፎርም፣ ጃስፕም ያንኑ መልስ ነው የሚያወጡት። 91%ን የሚያወርድ ሶፍትዌር አልተሠራም። "ሶፍትዌር ቀይር" የሚለው ምክር እንዴት እንደተለመደ ይገርማል፤ ኤክሴሉን ግን ማንም ክፈት አይልም። በደም ግፊት ጥናት እንዲህ ያለ ቁጥር ሲወጣ ቀድሞ የሚጠረጠረው ዳታው የተለቀመበት ኤክሴል ነው።

1. የስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የሰዎቹ ውጤት ከአማካዩ የሚራራቅበት መጠን) ዓምዱን ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርድሩት። የአዋቂዎች ሲስቶሊክ ግፊት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሜ ሜርኩሪ ነው፤ የለውጡ ቢሆንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዓምዱ አናት ላይ 1.5፣ 1.8፣ 2.1 ተሰልፈው ካገኙ እነሱ ስታንዳርድ ኤረር (የአማካዩ ግምት እርግጠኛ ያልሆነበት መጠን) ናቸው። ሠንጠረዡ "−6.2 ± 1.5" ብሎ ያልፋል። ± ምን ማለት እንደሆነ የሚነገረው ከሠንጠረዡ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ነው፤ አንዳንዴ በስታቲስቲክስ ዘዴ ክፍል የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላይ ብቻ፣ አንዳንዴም የትም የለም። ስታንዳርድ ኤረር ውጤቱን ጥርት ያለ ስለሚያስመስለው የሚመርጡት ደራሲዎች ሞልተዋል። ዕዳው የሚተርፈው ለእርስዎ ነው።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። በእያንዳንዱ ቡድን 64 ሰው ያለው ጥናት እንውሰድ። 1.5 ስታንዳርድ ኤረር ከሆነ በ64 ስኩዌር ሩት ይባዛል፦ 1.5 × 8 = 12። ትክክለኛው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይህ ነው። የሁለቱ ቡድኖች ልዩነት ቫሪያንስ (የስታንዳርድ ኤረሩ ስኩዌር) 144/64 + 144/64 = 4.5 ሲሆን ክብደቱ (ጥናቱ በድምር ውጤቱ ላይ ያለው ተሰሚነት) 1/4.5፣ ማለትም 0.22 ነው። 1.5ን እንደ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ካስገቡት ግን ቫሪያንሱ 2.25/64 + 2.25/64 = 0.07 ይሆንና ክብደቱ 14.2 ይደርሳል። ጥናቱ በአንድ ቡድን ባሉት ሰዎች ቁጥር ልክ፣ 64 እጥፍ ከበደ ማለት ነው።

በፊክስድ ኢፌክት ሌሎቹን ስምንቱን ጠቅልሎ ይውጣቸዋል፤ ይህ ቢያንስ ዓይን ላይ ይወድቃል። ራንደም ኢፌክት ላይ ነው የሚብሰው። ያ ጥናት በሐሰት እርግጠኛ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር ፈጽሞ የማይታረቅ ይመስላል፤ ኪው (የጥናቶቹን አለመስማማት የሚደምረው ቁጥር) ይንራል፣ ታው-ስኩዌር ያብጣል፣ ክብደቶቹም ወደ እኩልነት ይጠጋሉ። የክብደት ዓምዱን ያየ ሰው ጤነኛ ነው ብሎ ያልፋል። ከዚያ "ሄትሮጂኒቲው (የጥናቶቹ መለያየት) ከፍተኛ ስለነበረ ራንደም ኢፌክት ተጠቅመናል" ተብሎ ይጻፍና ስህተቱ ታትሞ ይወጣል። የሚያጋልጠው በፎረስት ፕሎቱ (የየጥናቱን ውጤት በመስመር በሚያሳየው ሥዕል) ላይ ያለው የመስመሩ ርዝመት ነው፦ በቡድን 64 ሰው ያለው ጥናት ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እውነተኛው ውጤት ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) ±0.5 ሆኖ፣ በቡድን 300 ሰው ያለው ጎረቤቱ ±1.9 ከሆነ አንዱ ይዋሻል። (ሲታረም የመጀመሪያው ±4.2 ይሆናል።)

2. የጎደለውን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከየት ያመጣሉ? የአንድ ቡድን አማካይ ከነኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ካለ፣ የላይኛውን ከታችኛው ይቀንሱ፣ ለ3.92 ያካፍሉ፣ በናሙናው ስኩዌር ሩት ያባዙ። 3.92 የምትሠራው ግን ለትልቅ ናሙና ነው። በቡድን ከ60 በታች ከሆነ የቲ ስርጭትን ይጠቀሙ፤ ለ25 ሰው ለምሳሌ 2.064 ሁለት ጊዜ፣ 4.128 ነው የሚያካፍለው። ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ የሁለቱ ቡድኖች ልዩነት ከሆነ ደግሞ የሚያገኙት የልዩነቱን ስታንዳርድ ኤረር ነው። እሱን በቀጥታ በጄኔሪክ ኢንቨርስ ቫሪያንስ (ልዩነቱንና ስታንዳርድ ኤረሩን ብቻ በሚጠይቀው ዘዴ) ማስገባት እየተቻለ ወደ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ለመመለስ መድከም አያስፈልግም። ትክክለኛ የፒ ዋጋ (መድኃኒቱ ምንም ባያደርግ እንዲህ ያለ ልዩነት የሚታይበት ዕድል) ብቻ ካለ ወደ ቲ ይቀይሩትና ልዩነቱን ለቲ ያካፍሉ፤ ያው ስታንዳርድ ኤረር ይወጣል። "ፒ ከ0.05 ያነሰ" ብቻ ከተጻፈ 0.05 ብሎ መያዝ ይቻላል፤ ስታንዳርድ ኤረሩን ስለሚያሰፋ ወደ ጥንቃቄ ያደላል። "ልዩነቱ ትርጉም ያለው አይደለም" ተብሎ ከታለፈ ግን ከደራሲው ኢሜይል ውጭ መድኃኒት የለውም። ሚድያንና ኢንተርኳርታይል ሬንጅ (የመካከለኛው ግማሽ ሰዎች ክልል) ከሆነ ሬንጁን ለ1.35 ማካፈል ይቻላል፤ ስርጭቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ከሆነ ግን አይሞክሩት።

እግረ መንገዴን፣ በኦድስ ሬሾ (የአንድ ክስተት ዕድል በሁለት ቡድኖች የሚነጻጸርበት ቁጥር) ለምትሠሩ ቀላል መፈተኛ አለ። የኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን ሁለት ጫፎች አባዝታችሁ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፤ ኦድስ ሬሾው መምጣት አለበት። 1.25 እና 3.20 ሲባዙ 4 ነው፣ ስኩዌር ሩቱ 2.0። ጽሑፉ 2.0 ካለ ደህና፤ 2.6 ካለ የሆነ ቦታ የትየባ ስህተት አለ። ስታንዳርድ ኤረሩ የሚሰላውም በሎግ ነው፦ (1.163 − 0.223)/3.92 = 0.24። ሎጉን ሳይወስዱ ጫፎቹን በቀጥታ የቀነሱ ጽሑፎች ታትመው አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

3. ከዘጠኙ ውስጥ ሦስት ክንድ (የሙከራ ቡድን) ያላቸው አሉ? ዝቅተኛ መጠን፣ ከፍተኛ መጠን፣ ፕላሴቦ ማለቴ ነው። ሁለት መስመር አድርገው ካስገቡና ፕላሴቦ ላይ የነበሩትን 60 ሰዎች በሁለቱም መስመር ከጻፉ፣ ሰዎቹ ሁለት ጊዜ ተቆጠሩ። የሚሻለው ሁለቱን መጠኖች አዋህዶ አንድ ክንድ ማድረግ ነው። መጠኑን ማወዳደር ግድ ከሆነ ፕላሴቦውን 30 እና 30 ይክፈሉት፤ አማካዩና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ አይነካም። ግለሰብን ሳይሆን ክሊኒክን በዕጣ የመደበ ጥናት ካለ ደግሞ የናሙናው ቁጥር ለዲዛይን ኢፌክት (የአንድ ክሊኒክ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ለሚደረገው ማስተካከያ) ይካፈላል። በአንድ ክሊኒክ 20 ሰው ቢኖርና የውስጥ ዝምድናው (የመመሳሰላቸው መጠን) 0.05 ቢሆን፣ 1 + 19 × 0.05 = 1.95፤ 400 ሰው የተባለው ወደ 205 ይወርዳል።

ይህን ሁሉ አስተካክለው እንደገና ያስኪዱት። አይ-ስኩዌር ከወረደ መልስዎን አገኙ። ካልወረደ ያኔ ስለ ሞዴል እናውራ፤ ግን "አይ-ስኩዌር ከ50% ካለፈ ራንደም" የሚለውን ሕግ ይርሱት። ሞዴል የሚመረጠው ፕሮቶኮል (የጥናቱ ዕቅድ) ሲጻፍ ነው፦ ሕመምተኞቹ፣ መጠኑና የክትትል ጊዜው ከጥናት ጥናት ከተለያየ እውነተኛው ውጤትም ይለያያል ብሎ መጀመር ነው፣ ማለትም ራንደም። ደግሞም አይ-ስኩዌር የልዩነቱን ስፋት አይነግርዎትም። ከኪው ላይ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙን (ከጥናቶቹ ቁጥር በአንድ ያነሰውን) ቀንሶ ለኪው ማካፈል ነው፤ ኪው 24 ቢሆን በ9 ጥናት (24 − 8)/24፣ 67% ገደማ። ጥናቶቹ ትልልቅ ከሆኑ የ1 ሚሊሜትር ልዩነትም 90% ሊያሳይ ይችላል። ስፋቱን በሚሊሜትር የሚነግርዎት ታው (የታው-ስኩዌር ስኩዌር ሩት) ነው።

ሶፍትዌር የሚያስመርጠኝ ነጥብ እዚህ ጋ ብቻ ነው። ሬቭማን 5 በራንደም ኢፌክት የሚያውቀው የ1986ቱን የዴርሲሞኒያንና ሌርድ የታው-ስኩዌር ስሌት ብቻ ነው። ጥናቶቹ ጥቂት ሲሆኑ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን ከሚገባው በላይ ያጠብበዋል። ስታታ ከ2019 ጀምሮ (ከስሪት 16 ወዲህ) የራሱ የሜታ ትእዛዞች አሉት፤ ዲፎልቱ (ካልቀየሩት የሚጠቀመው) ሬምል የተባለው ሌላ የታው-ስኩዌር ስሌት ነው። ሜታፎርም ዲፎልቱ ሬምል ነው፤ የሃርቱንግና ናፕን ማስተካከያ (ጥናቶቹ ጥቂት ሲሆኑ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን በአብዛኛው የሚያሰፋው) ግን ራስዎ ካላዘዙት ስታንዳርድ ኤረሩን በ1.96 እያባዛ ነው የሚሄደው። በ9 ጥናት ማስተካከያው 1.96ን በ2.306 ይተካል፤ በ4 ጥናት ቢሆን 3.182 ነበር። እኔ ብመርጥ ሬምልን ከዚህ ማስተካከያ ጋር፣ በአር። ነፃ ነው፤ የጻፉት ስክሪፕትም ከስድስት ወር በኋላ ሪቪወር (የመጽሔቱ ገምጋሚ) ሲጠይቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል። በማውስ የተጫኑ ቁልፎችን ግን ማንም አያስታውስም።

ፕሬዲክሽን ኢንተርቫልንም (በአዲስ ጥናት ውጤቱ የሚጠበቅበትን ክልል) ያስወጡ። ድምር ውጤቱ −4.0፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 1.0፣ ታው-ስኩዌር 9 ነው እንበል። ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ−6.3 እስከ −1.7 ነው፤ ደስ ይላል። በተለመደው ቀመር ፕሬዲክሽን ኢንተርቫሉ −4 ± 2.365 × 3.16፣ ማለትም ከ−11.5 እስከ +3.5 ይሆናል። በሚቀጥለው ቦታ መድኃኒቱ ግፊት ላይቀንስ ይችላል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን መስመር ከፎረስት ፕሎቱ ላይ የሚያጠፋው ለዚህ ይመስለኛል።

መለኪያው በሁሉም ጥናት ሚሜ ሜርኩሪ ስለሆነ ሚን ዲፈረንስ (የአማካዮቹ ልዩነት) ይበቃል፤ ስታንዳርዳይዝድ (ለስታንዳርድ ዴቪዬሽን የተካፈለ) አያድርጉት። ሰብግሩፕ (ንዑስ ቡድን) ካደረጉ "በዚህኛው ፒ ትርጉም አለው፣ በዚያኛው የለውም" አይበሉ፤ የሚታየው በሰብግሩፖቹ መካከል ያለው የልዩነት ፈተና ነው። ሜታ-ሪግሬሽን (ውጤቱን ከጥናቶቹ ባሕርይ ጋር የሚያያይዘው ስሌት) በ9 ጥናት አይነሳ፤ ለአንድ ተለዋዋጭ ቢያንስ 10 ይፈለጋል።

የኤገር ፈተናም (ጥናቶቹን በውጤትና በትክክለኛነት የሚዘረዝረው ሥዕል፣ ፈነል ፕሎት፣ አለመመጣጠኑን የሚፈትነው) እንደዚያው ነው። ሪቪወሩ "ፈነል ፕሎቱና ኤገር የታሉ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ይጠይቃሉ፣ ሁሌም ይጠይቃሉ። ጥናቶቹ ከ10 በታች ስለሆኑ ፈተናው ዕድልን ከእውነተኛ አለመመጣጠን ለመለየት አቅም እንደሌለው በአንድ መስመር ይመልሱ፤ በምትኩ በክሊኒካል ትራያል መዝገቦች ላይ ተመዝግበው ያልታተሙ ሙከራዎችን ፈልገው ቁጥራቸውን ጥናቶቹ እንዴት እንደተመረጡ በሚያሳየው የፍሰት ሥዕል ላይ ያስገቡ።